ናና የተከልኩባት የአዴ ዘሃራ ሳህን

ቤተሰብ፣ ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ድሬ ውስጥ የሚያስጠጋኝ ጎረቤት አይገኝም። ከሰው ቤት ሽምግልና ላይ የሽማግሌ ጭን በመረቅ አስነክሬ ነው የመጣሁት!

በእጄ አላፈሰስኩም። በእጄ ባፈስሰው ይሻል ነበር።

እንደምታውቁት የሠላሳ ቀን የምስጋና ቻሌንጅ ላይ ነኝ። በየቀኑ ከቤቴ አንድ ትንሽ ደስታ ፎቶ አንስቼ ፖስት አደርጋለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የምትመጣዋ ንፋስ፣ አንድ ቀን ውሃ መጥቶ የሞሉት ባልዲዎቼ፣ አንድ ቀን ገና እየለመድኩት ያለው የዳንቴል ሥራዬ። (ጠማማ ነው ብላችሁ ኮሜንት የሰጣችሁ፣ አይቻችኋለሁ!)

ዛሬ ቀን አሥራ ዘጠኝ ነበር። የተከልኩትን ናና በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አድርጌ አነሳሁና «ኩሽና ጥግ ባገኘኋት አሮጌ ሳህን ውስጥ የበቀለች ደስታዬ፣ ተመስገን!» ብዬ ለጠፍኩ።

ላይኩ ጎረፈ። ደስ አለኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ ናት። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፣ ግን ድሬ ነው፣ «አዴ» ካልን ይበቃል፣ አንቱታ ብዙም አይሠራም።

«አቦ ሰኒ፣ ለሃያት ሽማግሌ ሊመጣ ነው! ዛሬ አስር ሰዓት!» አለችኝ። ሃያት የመጨረሻ ልጇ ናት። «ያቺ የእናቴ ሳህን አንቺ ጋ ናት አይደል? እኔን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ ጊዜ እናቴ መረቁን በሷ ነው ያቀረበችው። ወላሂ፣ ለልጄም ሌላ ሳህን አላወጣም።»

ያቺ ሳህን!

ጠርዟ ሰማያዊ፣ ሆዷ ላይ ቀይ አበባ ያለባት የድሮ የብረት ሳህን። ከጀርባዬ ወንበር ላይ አፈር ተሞልታ፣ ናና በቅሎባት ተቀምጣለች። ታቿን ደግሞ ውሃ እንዲወርድ ብዬ በገዛ እጄ በምስማር አምስት ቦታ በስቻታለሁ።

በሩን በሰውነቴ ጋረድኩት። «ታጥባ ትመጣለች!» አልኩ። ድምፄ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

አሁን እየፈረዳችሁብኝ ነው፣ ግን ስሙኝ። ሳህኗ ባለፈው ረመዳን ሳምቡሳ ሞልታ ነው የመጣችው። የጎረቤት ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፣ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከኛ ቤት ሥጋ ለነሱ አይሆንም፣ ስለዚህ ኬክ ልጋግር አልኩ። አረረ። ሌላ ቀን ዳቦ ልጋግር ስል መብራት ጠፋ። ከዚያ ሳህኗን ባየሁ ቁጥር ማፈር ስጀምር ኩሽና ጥግ፣ ከዕቃ ጀርባ ገፋኋት። ወራት አለፉ፣ የማን እንደሆነችም ረሳሁ። ናና ልተክል ዕቃ ስፈልግ «ውይ፣ የኔ አሮጌ ሳህን!» አልኩ።

የኔ!

መጀመሪያ ፖስቱን ዲሊት አደረግኩ፤ ሃያት ፎሎወሬ ናት። (ከማጥፋቴ በፊት ላይኩን አንዴ ቆጥሬዋለሁ፣ አልዋሽም።) ናናውን ከነአፈሩ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩና በባጃጅ ወደ መጋላ ገበያ፣ ብረት በያጅ ጋ በረርኩ።

በያጁ ሳህኗን ገልብጦ አያት። ቀጥሎ እኔን አየኝ። «እሳት ካስነካኋት አበባዋ ይረግፋል። ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የበሳሻት?»

ኋላ አዘነልኝና ቀዳዳዎቹን በማጣበቂያ ደፈነልኝ። «እስከ ነገ እርጥብ ነገር እንዳይነካት!» አለ።

እስከ ነገ! ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

እዚህ ጋ «ሄደሽ እውነቱን ንገሪያት!» እያላችሁኝ ነው፣ ይሰማኛል። አልነገርኳትም።

ሳህኗን ወስጄ «አዴ፣ ቴምር ብታደርጊባት ታምራለች» አልኳት። «መረቅ አልኩሽ እኮ!» ብላ ተቀበለችኝ፣ ጠርዟን በጣቷ እየዳሰሰች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ መቼም አልረሳውም። «ትሪ ላቀብልሽ» ብዬ እዚያው ቀረሁ።

አስር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ትሪ አቀባይ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የልጁ አጎት ነጭ በነጭ ጀለቢያ ለብሰው መሃል ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። አዴ ዘሃራ መረቁን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም ተቀብለው ጭናቸው ላይ ያዙት።

ጠብ።

አላዩም። ስለ ልጁ ጠባይ እያወሩ ነው። እኔ ግን እያየሁ ነው።

ጠብ፣ ጠብ።

ከዚያ ማጣበቂያው ባንዴ ለቀቀ! ደግነቱ መረቁ በርዷል እንጂ የሰው ነፍስ አጥፍቼ ነበር። ጀለቢያው ከጭን እስከ ጉልበት ቢጫ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይሄ ምልክት ደግ ነው?» ብሎ አጉረመረመ። ከመጋረጃው ጀርባ ሃያት ስትንሰቀሰቅ ተሰማኝ።

የልጅቷ ትዳር በምስማሬ ሊበሳ ነው!

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ናና ልተክልባት ብዬ የበሳኋት እኔ ነኝ! አዴም የለችበትም፣ ሃያትም የለችበትም!»

አጎቱ ጀለቢያቸውን ከጭናቸው አላቀው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ናናው ጸደቀ?»

«አዎ» አልኩ።

«በይ አምጪው፣ ሻዩ ውስጥ ይግባልን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሃያት ተፈቀደች፣ ፋቲሃ ተቀርቶ ተመረቀ፣ እልል ተባለ። አዴ ዘሃራ ግን አልሳቀችም።

ኩሽና ውስጥ ሳህኗን ስታጥብ አገኘኋት። «አዴ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ሳህኗንስ ይቅር ብያለሁ» አለች፣ ሳታየኝ። «ግን ከረመዳን ወዲህ ደጄን ረግጠሽ አታውቂም። ከአጥር ማዶ 'ሰላም ነው?' ብለሽ ታልፊያለሽ። ምን በድያት ይሆን እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ። ለካ የምትሞዪባት ነገር አጥተሽ ነው?»

«አዎ።»

«አቦ አንቺ ልጅ! ባዶዋን ይዘሽ ብትመጪ በር እዘጋብሽ ነበር?»

አለቀስኩ። የሽንኩርት ነው አልኳት፤ ሽንኩርት እንኳ አልነበረም።

ስወጣ ደግሞ ምን አደረገች መሰላችሁ? በሌላ ሳህን ሩዝ ቆልላ አሸከመችኝ!

ሩዙን በልቼ፣ ሳህኑን አጥቤ፣ አሁን አፍጥጬበት ተቀምጫለሁ። ነገ ጠዋት ባዶውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ቆርጫለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሳመሰግን፣ አጥር ማዶ ላለችው ሴትዮ አንዴም «አመሰግናለሁ» ብያት አላውቅም።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ያለ ፎቶ፣ ያለ ላይክ፣ ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ ሲሆን ምስጋና ከየት ነው የሚጀመረው?