ባንኮክን ያወቀ፣ ወገዳን ያላየ

ሳይጓዝ መንገድ የሚያውቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የንፋስ መውጫው አያ ደመቀ እንደዚያ ነው። ሥራ ሲፈታ መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባስ ውስጥ ይቀመጥና ስልኩን እየነካካ፣ «ከባንኮክ ቶኪዮ በአውሮፕላን ስድስት ሰዓት ነው» ይላል። ተጠራጥሬ አጣርቻለሁ፤ አልዋሸም።

በቀደም በወገዳው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ የሺ ተጨንቀዋል። በማግስቱ ማለዳ ወገዳ ላይ ሕፃን ክርስትና ያነሣሉ፤ ያለ ክርስትና እናት ልጅቱ አትጠመቅም፤ መኪናው ደግሞ ሳይሞላ አይነቃነቅም።

«ወገዳስ በስንት ሰዓት ይደረሳል?» አሉት፣ እንደ ልማዱ ከፊታችን ተቀምጦ ስለ ባንኮክ የሚያወራውን አያ ደመቀን።

«እሱን እንኳ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ እማማ።»

በስንት ልመና መኪናው ሞላ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አያ ደመቀ ብድግ አለ። «ኧረ አውርዱኝ! እኔ እኮ ለጨዋታ ነው የተቀመጥኩት!»

ሞላ ያልነው መኪና ለካ ሰው ይጎድለዋል! ተመልሶ ሰው መጠበቅ ሊመጣ ነው። እማማ የሺ ጋቢውን ጨምድደው ያዙት።

«ስታበርረን ውለህ ወገዳ ሲባል ልትወርድ? ተቀመጥ!»

ሹፌሩም ሳቁን ሳይጨርስ ነዳው። ኮረኮንቹ መንገድ ወገዳ እስክንደርስ ወገባችንን ሲያንገጫግጨው አመሸ። በማግስቱ ልጅቱ ተጠመቀች፤ አያ ደመቀም ድግሱን በላ።

ከዚያ ወዲህ ርቀት ሲጠይቁት ስልኩን አያወጣም። ወገቡን ደገፍ አድርጎ፣ «ባንኮክማ ቅርብ ነው» ይላል።