የኔታ ቨርሊን አፋቸውን ሊዘጉ የሞከሩበት ቀን

ይቺን ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለ አንድ ሰው ነው፤ ግን ታውቁታላችሁ፣ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሰው እጁን ባነቃነቀ ቁጥር "እንደሱ አይደለም" የሚል። የዓለም ሥራ ሁሉ የተበላሸው እሱ ስላልተጠየቀ ነው። እኔን የገጠመኝ ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ጎልፍ እንጀራዬ ይሁን ብዬ ወጣሁ። ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ጎልፍ እንዳይመስላችሁ። የኛ ውድድር ከሥር ነው፤ ከሱ በታች ያለው ሣር አጫጁ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከነብራስካ ዳኮታ፣ ከዳኮታ ካንሳስ ስንነዳ እንከርማለን። የማደያ ሆት ዶግ እንበላለን። ለሆቴል አቅም ስለሌለን የየከተማው ደግ ሰው ቤቱ ያሳድረናል። ተመልካች ከመጣ የአንዳችን እናት ናት።

የኔታን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ስማቸው ቨርሊን ስታኪ፤ "የኔታ" ብለን የሾምናቸው እኛ ነን። ፀጉራቸው እስኪሸሽ ድረስ ከዚያ እርከን ፈቀቅ ያላሉ አንጋፋ። ተሰልፈን ስንለማመድ እጃቸውን አጣምረው ከኋላችን ይቆማሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"ልጄ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልንገርህና ልሂድ።"

አይሄዱም። አንዲቷ ነገር እዚያው ትወልዳለች። ድዌይን የሚባለው ጓደኛዬ እሳቸውን ሽሽት ከምንም ጋር ያልተገናኘ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ነው የሚለማመደው። የኔታ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አንስተው፣ "ይሄ እኮ ነው አንገትህን ያጎበጠው" አሉት።

ጎልፍ ላይ ቢያቆሙ ደግ ነበር። ማደያ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳ የማያውቁትን ሰውዬ፣ "አነቅከው እኮ፣ እንደ ጫጩት ያዘው" ብለውታል። ነብራስካ ያሳደሩን እትዬ አርዲስ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ባልቴት፣ እንቁላል ሲመቱ ደሞ አጠገባቸው ቆሙና፣ "ከትከሻ አይደለም እትዬ፣ ከእጅ አንጓ ነው" አሉ።

እትዬ አርዲስ ሹካውን አስቀመጡት። "ቨርሊን፣ ይሄን ሁሉ እያወቅህ ምነው የኔ ሶፋ ላይ ታድራለህ?"

የሁላችንም ጥያቄ ነበር። የሰው ስህተት ከማዶ ይታያቸዋል፤ የራሳቸው ኳስ ግን በቆሎ ማሳ ውስጥ ተፈልጋ ነው የምትገኘው።

ባለፈው ዓመት ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ቀናቸው። ካንሳስ ላይ የመጨረሻው ውድድር ሲደርስ በዓመቱ ድምር ዘጠነኛ ነበሩ። እስከ አስረኛ የጨረሰ ወደ ላይኛው እርከን ያልፋል። ሚስታቸው ሎሪን ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ "ካለፍክ እሰየው። ካላለፍክ ወንድሜ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ቦታ ይዞልሃል።" እንግዲህ ያ ቀን ወይ ማለፍ ነው ወይ ጎማ።

እጣው እኔን፣ ድዌይንንና የኔታን አንድ ላይ አወጣን። ችግሩ እኔ ነበርኩ። ወሩን ሙሉ ምቴ ጠፍቶኛል፤ ቀኝ ያልኳት ኳስ ግራ ትሄዳለች። ለኔ ዓመቱ አልቋል፣ የቀረኝ ውርደቱን መጨረስ ነው። ጎልፍ ላይ ደሞ በውድድር መሀል ተፎካካሪን መምከር ክልክል ነው። የመከረ ሁለት ምት ይጨመርበታል፤ እኛ ጋ ደሞ ምት የበዛበት ነው የሚሸነፈው።

ዳኛዋ ትዋይላ ሳንጀምር መጣች። "ቨርሊን፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ዛሬ አፍህን ዝጋ።"

"አስቤበታለሁ" አሉና ከኪሳቸው አንድ ከረጢት የሱፍ ፍሬ አወጡ። አፋቸውን በሱፍ ሞልተው ሊውሉ ነው።

ምን ልበላችሁ፣ ዋሉም። እኔ ባበላሸሁ ቁጥር ማኘኩ ይበረታል። ከሰዓት ላይ ላለማየት ጀርባቸውን መስጠት ጀመሩ። እሱም አልበጀም፤ ኳሷ ስትመታ ከድምፁ ያውቁትና እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ያቃስታሉ።

ሁለት ጉድጓድ ሲቀረን ፊታችን ኩሬ መጣ። የመጀመሪያዋን ኳስ ኩሬው ዋጣት። ሁለተኛዋንም ዋጣት። ሦስተኛዋን ሳስቀምጥ እንባዬ መጥቷል። ከኋላዬ የሱፍ ቅርፊት ትፍ ሲባል ሰማሁ።

"ልጄ፣ ቀኝ ተረከዝህ። ቶሎ እያነሳኸው ነው።"

ነፋሱ ራሱ ቆመ። የኔታ ፊታቸው አመድ መሰለ። ድዌይን ሰማይ ሰማይ እያየ፣ "ጆሮዬ ዛሬ አይሠራም" አለ። እኔም፣ "ወፍ ነው መሰለኝ" አልኩ።

ከዚያ ተረከዜን ተክዬ መታሁ። ኳሷ ኩሬውን ተሻግራ ባንዲራው ሥር ቁጭ።

የኔታ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ትዋይላ ጋ ሄዱ።

"ሁለት ጨምሪብኝ።"

"ለምን?"

"ተነፈስኩ።"

ትዋይላ ባርኔጣዋን አወለቀች። "አይ ቨርሊን። ለማን?"

"ለዚህ ልጅ።"

"እሺ፣ ሠራለት?"

"እንደ ጥይት" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

በዚያች ሁለት ምት አስራ አንደኛ ሆነው ዓመቱን ጨረሱ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሎሪንን በስልክ ሲያናግሩ ደረስኩ። "እሺ... እሺ አልኩሽ... ጎማ ይሁን። ግን ያቺን ምት ባየሻት።" ሲዘጉ፣ "ጋሼ፣ ለኔ ብለው እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። አላስችል ብሎኝ ነው።"

ዘንድሮ ውድድሩ ሲጀመር ሜዳው ላይ ማንም ጉሮሮውን የሚጠርግ የለም። ድዌይን ማዳመጫውን አልደፋም። ቀኑን ሙሉ ኳስ ስመታ ዋልኩ፣ አንድ ሰው ተሳሳትክ አላለኝም። ሆዴ ባባ። በማግስቱ መኪናዬን አስነስቼ እሳቸው ያሉበት ጎሚስታ ቤት ድረስ ነዳሁ። ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ጎማዬ ደሞ ምንም አልሆነም።

ቱታ ለብሰው ወጡ። ሰላም ሳይሉኝ የመኪናዬን ጎማ አጎንብሰው አዩና፣ "መሪውን በአንድ እጅህ ነው የምትይዘው፣ አይደል?" አሉ። ነው። ከዚያ የጎማ መፍቻ ብረት እንደ ጎልፍ ዱላ አስጨበጡኝና፣ ያ ሁሉ ደንበኛ ተሰልፎ እያየ፣ "በል እስኪ ምታ፣ ልይህ" አሉኝ።

መታሁ። ተረከዜ ደህና ነው፤ ትከሻዬ ነው አሉ አሁን። እስኪመሽ ቆየሁ።

እናንተ ጋስ? ስትሸሹት ኖራችሁ፣ ሲሄድ ደሞ ግማሽ ቀን የምትነዱለት ሰው ማነው?