ከከተማ ሳይርቁ ከከተማ መውጣት

ከከተማ ልሽሽ እያለ ከከተማ መራቅ የሚያስፈራው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ያለው ጎረቤቴ ግርማ እንደዚያ ነው። ሚስቱ አስቴር "እባክህ፣ አንድ ሳምንት እንኳ ጸጥ ያለ ቦታ ውሰደኝ" ብትለው፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና፣ አርቪ የሚሉትን፣ ገዛ። ከዚያ ለዳላስ የሚቀርብ ካምፕ ሲፈልግ ወር ፈጀ። በመጨረሻ ሌዊስቪል፣ ሐይቅ ዳር አገኘ።

ገና ፓርክ እንዳደረገ ደወለልኝ። "ስማ፣ እዚህ ክትፎ የለም፤ ና ወደ ከተማ ውሰደኝ።" ወሰድኩት። ቀጥሎ ኳስ ለማየት፣ ቀጥሎ ፀጉሩን ለመቆረጥ። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ነው!

ለሦስተኛ ጊዜ ስመልሰው ቦታው ባዶ ነበር፤ አርቪውም አስቴርም የሉም። ደንግጦ ደወለላት።

"የት ነሽ?"

"እየነዳሁ ነው።"

"ወዴት?"

"ስልክ ወደማይሠራበት" አለችውና መስመሩ ተቋረጠ።