አማቼ የቀመሱት ፖምፓ

የመኪና ኮፈን ተከፍቶ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ እስካሁን አልተወለደም! ሐኪም ይሁን ዳኛ፣ ጎንበስ ብሎ «ምን ሆነች?» ሳይል እግሩ አይሄድለትም። አትሳቁ... እኔ ትዳሬን ያገኘሁት በዚሁ አመል ነው።

በደርግ ጊዜ ጅጅጋ ሒሳብ አስተምር ነበር። አብራኝ የምታስተምረውን ወይንሸትን ወደድኩና ሽንሌ ለሚኖሩት አባቷ ሽማግሌ ልልክ ተነሣሁ። ሽማግሌዎቼ ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ታዬና የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑር ነበሩ። መሄጃችንም የሐጂ አሮጌ ፒክአፕ። ልንነሣ ስንል ሾፌሩን ወባ አልጋ ላይ አይጥለውም! ከእኛ መሃል መንዳት የምችል ደግሞ እኔ ብቻ... አሁን በየትኛው አገር ነው አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚሄደው?

«ግድ የለም» አሉ ሐጂ ኑር። «አባቷ አያውቁህም። የሾፌሩን ጃኬት ልበስና ከመኪናዋ እንዳትርቅ!»

ድሬዳዋን እንዳለፍን መኪናዋ ታስነጥስ ጀመር። እየተንተፋተፈች የወይንሸት አባት የአቶ ጌታነህ ግቢ ገባችና ጸጥ አለች። እሳቸው ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። ሽማግሌዎቼ ቤት ገቡ፤ እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጋሽ ታዬ ከካራማራ ጀምሮ ሲለማመዱት የመጡትን ንግግር ጀምረው «ልጅዎን ለአንድ አስተማሪ...» ከማለታቸው አቶ ጌታነህ በመስኮት አዩኝ። ብድግ! እንግዶቻቸውን ጥለው ወጡ።

«ምን ሆነች?»

«ቤንዚን አትስብም፣ ጋሼ።»

«በል የቤንዚን ፖምፓዋን ፍታ!»

ፈትቼ ሰጠኋቸው። ቤንዚን መግቢያዋን በምላሳቸው ዘግተው ከጎኗ የወጣችውን ክንዷን ጫን ለቀቅ አደረጓት። ስባ ምላሳቸውን ያዘችው።

«ውስጧ ያለው ላስቲክ ጤነኛ ነው» አሉ፣ ቤንዚኑን እንትፍ እያሉ። ክንዷን ወደ ፀሐይ ገልብጠው አሳዩኝ። ሞተሩ የሚገፋት ጫፏ ተበልታ ታብረቀርቃለች። «አየህ? አጥራለች። ጠጋ ካላደረግናት አትደርስም።»

ከፖምፓዋና ከሞተሩ መሃል ያለችውን ወፍራም ካርቶን አውጥተን በምትኳ ስስ ወረቀት እየቀደድን ሳለ ድንገት «ለመሆኑ ያ አስተማሪ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አይሉኝም!

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ጨዋ ነው ጋሼ!»

«ይጠጣል?»

«ኧረ እሱ አይነካትም!»

«ጫትስ?»

«ለ... ለፈተና እርማት ብቻ።»

«ፈተናው ይበዛል?»

«ደጋግሞ ይፈትናል...»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከጠመኔ በቀር የሚይዘው ነገር ያለ አይመስለኝም።»

ወይንሸት ልታመልጠኝ ነው! ግሪስ በነካ እጄ «እኔ ነኝ እኮ» እንዳልል፣ ሽማግሌ ተከትሎ የመጣ ነውረኛ ልባል ነው። ፖምፓዋን መልሼ ብሎኑን አጠበቅኩ። መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አቶ ጌታነህ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ተመለሱ። እኔም ጆሮዬን መስኮቱ ላይ ተከልኩ።

«ስለ አስተማሪው» አሉ፣ «ተመካክረን ቀጠሮ እንሰጣችኋለን። ይሄ ሾፌራችሁ ግን ሚስት ከሌለው ልጄን ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ!»

ሐጂ ኑር፣ የነጋዴ ነገር፣ ዘለው ተነሥተው የአቶ ጌታነህን እጅ ጨበጡ።

«ወላሂ ተቀብለናል! አስተማሪውን እኛው እናስቀርልዎታለን!»

ይኸው ወልደን ከብደናል። ወይንሸት ግን ዛሬም ስታኮርፈኝ ፊቷን አዙራ «የኔ እኮ አስተማሪው ነበር!» ትለኛለች።