የበያጁ ወተት

እኛ ሰዎች ከበሽታው በፊት መድኃኒቱን የምናውቅ ጉዶች ነን። ለጉንፋን ፌጦ፣ ለሆድ ኮሶ፣ ለብየዳ ጭስ ደግሞ ወተት! የመጨረሻውን ማን እንዳዘዘው አላውቅም፤ ብቻ የትኛውም ብረታ ብረት ቤት ገብታችሁ ብትጠይቁ "ወተት ያጥበዋል" ይሏችኋል። ጭሱ የሚገባው በአፍንጫ፣ ወተቱ የሚወርደው በጉሮሮ። የት ተገናኝተው እንደሚተጣጠቡ የጠየቀ የለም።

ጎረቤቴ ጋሽ በላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ብረታ ብረት ቤት በያጅ ነበሩ። ከግንቡ ውጭ ካለው ሰፈር ግማሹ እሳቸው በበየዱት በር ይገባል፣ እሳቸው በበየዱት መስኮት አየር ያገኛል። አሠሪያቸው ደምሴ፣ አንቱ ልለው አፌ አልታዘዝ ብሎኛል፣ የአፍንጫ መሸፈኛ ገዝቶ አያውቅም። ወተት ግን አንድም ቀን አላስቀረም።

ኋላ ላይ የጋሽ በላቸው እጅ ይንቀጠቀጥ፣ እግራቸው ይጎተት ጀመር። ሐረር ለሰው ስም ማውጣት አይቸግራትም፤ "መጠጥ ጀመሩ" ተባለ። ለጥምቀት እንኳ ጠላ በግድ የሚቀምሱ ሰው! ደምሴም "ሰካራም እሳት አላስጨብጥም" ብሎ ሊያባርራቸው ተነሣ።

ልጆቻቸው አዋጥተው አዲስ አበባ ሲወስዷቸው እኔም አብሬ ሄድኩ። ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ አንጎላቸውን ተነሡ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ መሃል አካባቢ፣ ግራና ቀኝ ነጣ ያለውን አሳየን።

"ይህ ማንጋኒዝ የሚባል ብረት የተጠራቀመበት ነው፤ ከብየዳው ጭስ የመጣ። መጠጥ አይደለም።"

ጋሽ በላቸው ስለ በሽታው ሲነገራቸው ፊልሙን ብቻ ነበር የሚያዩት። አሁን እንባቸው መጣ።

"ዶክተር፣ እባክዎ የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ" አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ! ሰው አልሰከርኩም ለማለት የራስ ቅሉን ውስጥ ማሳየት አለበት? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጋሽ በላቸው እውነት እስኪጠራ ግን እጃቸው አልጠበቀም። ሐኪሙ ብየዳ ከለከላቸው።

ሐረር እንደተመለስን እኔ፣ ጋሽ በላቸውና ትልቁ ልጃቸው ፊልሙን ይዘን ደምሴ ዘንድ ሄድን። ስማቸውን እንዲመልስላቸው፣ ለቀሩት በያጆችም ጭሱ የሚወጣበት መስኮት እንዲያወጣ ልንነግረው ነበር። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አነሣው። ነጩን ሲያይ ፊቱ በራ።

"አላልኳችሁም? ይኸው ወተቱ! እዚህ ድረስ ደርሶላቸዋል እኮ!"

ነጩ ራሱ ብረቱ እንደሆነ ሦስታችንም እየተቀባበልን አስረዳነው። በትዕግሥት አዳመጠን። ጋሽ በላቸውንም "ይማርዎት፣ ጠጪ አለመሆንዎን አምኛለሁ" አላቸው። ከዚያ ዘወር ብሎ ወተት ወደምታመጣለት ሴት ሰው ላከ።

አሁን ለእያንዳንዱ በያጅ ወተቱ እጥፍ ሆኗል። ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ተበይደው ያለቁ የሰው ቤት መስኮቶች ደጃፉ ላይ ተደርድረው ባለቤቶቻቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ጭሱ ግን ዛሬም የሚወጣው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው።