የተግደረደሩት ራውተሮቼ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ሁለቱንም ችዬዋለሁ። ያላ፣ ስሙኝ!

ሪያድ ያደገ ያውቀዋል። ወንድ ልጅ ዕድሜው ከገፋ በአባቱ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ ተጠግቶ መኖር ያበቃለታል። ወይ ኢቃማውን የሚያወጣለትና ተጠሪ የሚሆነው አሠሪ፣ እዚህ «ከፊል» የሚሉትን፣ ያገኛል፣ ወይ ኸላስ፣ ወደማያውቀው አገሩ ይሸኛል።

የኔ «ከፊል» ሊሆን ያሰበው አቡ ናይፍ ነው። ዐዚዚያ ሰፈር ውስጥ የጭነት መኪና ድርጅት አለው። በኔትወርክ ቴክኒሻንነት ሦስት ወር ሞክሮኝ፣ ዛሬ ከሰዓት ሊወስን ነበር።

ጠዋት ላይ ታዲያ የዐዚዚያውን ቢሮና ሺፋ ያለውን መጋዘን አገናኝ ተባልኩ።

ቀላል ነው! ዳታ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ይመጣል። ራውተሩ አድራሻውን አይቶ ወደሚቀጥለው ያሳልፋል። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። የማያውቀው አድራሻ ሲመጣበት ለማን እንደሚሰጥ ግን አስቀድመህ ትነግረዋለህ።

ነገርኩታ!

የዐዚዚያውን ራውተር «የማታውቀውን ለሺፋ ስጥ» አልኩት። ሻይ ጠጣሁ። ተመልሼ የሺፋውን «የማታውቀውን ለዐዚዚያ ስጥ» አልኩት።

ወደ ኢንተርኔት የሚያስወጣውን በር ለማንም አልነገርኩም።

ሐበሻ ያሳደጋቸው ራውተሮች ምን ያደርጋሉ? «አንተ ቅደም።» «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም።» እነሱ በር ላይ ሲግደረደሩ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ጠፋ።

ደግነቱ እያንዳንዱ ጥቅል ስንት ጊዜ እንደሚተላለፍ የሚወስን ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ሲያልቅ ይሞታል። ሐበሻ ግን ቁጥር ስለሌለው በር ላይ ይመሽበታል።

የመኪኖቹ መውጫ ፈቃድ የሚወጣው በኢንተርኔት ነው። ሦስት መኪና ሙሉ ቲማቲም በሪያድ ፀሐይ ቆመ። ሾፌሮቹ ክላክስ ላይ ተኙ።

እኔስ? ኬብሉን ጠረጠርኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አላፍርም፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ!

በመጨረሻ ጥቅሉ በየት በየት እንዳለፈ የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ። አቡ ናይፍ ከጀርባዬ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ይኸው፦

ዐዚዚያ። ሺፋ። ዐዚዚያ። ሺፋ። ዐዚዚያ።

ኔትወርክ ሳይሆን የታክሲ መስመር የዘረጋሁ ነው የሚመስለው!

«ይሄን ማን ሠራው?» አለ።

ኬብሉ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ኢቃማዬ ያለው በሰውየው እጅ ነው። ግን ሦስት ወር ሙሉ ለሁሉም ነገር «ኬብሉ ነው» ሲባል ሰምቼ አንገሽግሾኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አሥር ደቂቃ ስጠኝ።»

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ እልህ ነው።

ያስተካከልኩት አንድ መስመር ነው። የዐዚዚያውን «የማታውቀውን ወደ ውጭ ልቀቅ» አልኩት። አሥሩ ደቂቃ ሳያልቅ መኪኖቹ ወጡ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ችግሩ ምን እንደነበር አቡ ናይፍና ሠራተኞቹ ሲጠይቁኝ፣ በር ላይ እንዴት እንደምንግደረደር በዐረብኛ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ «ተፈደል» ሆኗል። «ቅደም፣ ግባ» ማለታቸው ነው።

ከሰዓት ተጠራሁ። ቢሮው በር ላይ ከጋሽ ሰዒድ ጋር ተገጣጠምን። የወሎ ሰው፣ የድርጅቱ ሾፌር፣ የአባቴ እኩያ ናቸው። ግባ ልጄ አሉኝ። ኧረ እርስዎ ይቅደሙ አልኩ። በሞቴ አሉኝ። እኔ ልሙት አልኩ።

አቡ ናይፍ ከውስጥ «ሁለቱ ራውተሮች መጡ!» ብሎ ጮኸ። «ተፈደል፣ የኢቃማህን ወረቀት ፈርሜያለሁ። ሦስት እስክቆጥር ካልገባህ እቀደዋለሁ።»

ሁለት ሲል ገባሁ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ቀደምኩ። ጋሽ ሰዒድ ከኋላዬ «አብሽር!» ሲሉ ሰማኋቸው።

እና ወገኖቼ፣ ሳቁብኝ። ዐዚዚያ በሙሉ ተፈደል ይበለኝ፣ ግድ የለኝም! አዲሱ ኢቃማዬ ላይ የሚጻፈው አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። እስከ ዛሬ «ጥገኛ» ይል የነበረው ቦታ ላይ ደግሞ፣ ኢንሻአላህ፣ «የኔትወርክ ቴክኒሻን» ይላል።

እስከዚያው በር ላይ ካገኛችሁኝ «ቅደም» እንዳትሉኝ። እቀድማለሁ!