ከሚካኤል ደጅ የተተከለው ምልክት

ቅናት ከሰው ልብ የሚገባው ጫማውን አውልቆ ወደ መቅደስ እንደሚገባ ቄስ ነው፤ ኮቴው አይሰማም። መግባቱ የሚታወቀው ማዜም ሲጀምር ነው። ዕድሜውን በድጓ የፈጀ መሪጌታ እንዴት ይቀናል ትሉ ይሆናል። ቀናሁ። ያስቀናኝም አውቶብስ ነው!

ባሕር ዳር ቀድሞ አንዲት አሮጌ አውቶብስ ነበረቻት። ስትስል ከጣና ማዶ ትሰማለች፤ ግን ሃይማኖተኛ ነበረች። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትቆማለች፤ ወርደን ተሳልመን እንሳፈራለን። በአብዮቱ ዘመን አዳዲሶቹ መጡና የፌርማታ ምልክት ከተተከለበት በቀር አንቆምም አሉ። ምልክቱስ የት ተተከለ? ከእኛ ከሚካኤል ደጅ? የለም! መሪጌታ አየለ ከሚመሩት ከማርያም ደጅ።

መሪጌታ አየለ አብሮ አደጌ ናቸው። ድምፃቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ዐባይ መውጫ ላይ የሚያናፋ ጉማሬ ነው። ሆኖም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሰፈር ምእመን ሁሉ በአዲሱ አውቶብስ እየተጫነ ወደ እሳቸው ጎረፈ። ለእኔ የቀሩኝ በእግር የሚደርሱ ጎረቤቶቼ ብቻ ሆኑ። አንድ ቀን መሪጌታ አየለ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ ለሕዝቡ መቆሚያ እንዳጡ፣ ከእኔ ዘንድ ትርፍ ቦታ ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። እንዲህ ያለው ትሕትና ከስድብ በምን ይለያል?

መንፈሳዊ ቅናት ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ፣ ከእኛም ደጅ ምልክት ይተከልልን ለማለት ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ሄድሁ። ስለ ሚካኤል ብነግረው እንደማይሰማኝ ዐውቃለሁና፣ ቅኔ እንደሚቆጥር ሰው ቃል መርጬ፣ «ሰፊው ሕዝብ» አልሁ፤ «ጭቁኑ ወዛደር በጭቃ እየዳከረ» አልሁ። ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። «ጓድ መሪጌታ፣ እርስዎማ የነቁ ነዎት!» አለኝ። ሌሊቱን ሁሉ በማሕሌት ቆሜ የማድር ሰው፣ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?

ምልክቱ ከእኛም ደጅ ተተከለ። እሑድ ማልጄ ከበሩ ቆምሁ። ሰፈርተኛው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ሲመጣ ባየሁ ጊዜ እንባዬ መጣ። ሁሉም በሩን ተሳለመ። ተሳልሞም ከምልክቱ ሥር ተሰለፈ።

ጎረቤቴን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወደ ማርያም ነዋ፣ የኔታ! ድምቀቱ እዚያ ነው አሉ። እስከ ዛሬ መሳፈሪያ አጥተን እርስዎ ዘንድ ስናስቀድስ ኖርን። ምልክቱን ያስተከሉልን እርስዎ ነዎት አሉ፤ ሚካኤል ውለታዎን ይክፈልልን!»

አሜን አልሁ።